መጀመሪያ ወንበሩ፣ ከዚያ ኬጁ፦ በትንሽ መኪና ውስጥ ሮል ኬጅ የመግጠም ተሞክሮዬ

ባለ ሦስት በር በሆነችው ትንሽ የውድድር መኪናዬ ውስጥ መጀመሪያ ያስገባሁት ሮል ኬጅ አንድ የውድድር ወቅት እንኳ ሳይሞላው ተነቅሎ ወጣ። ብረቱ ጥሩ ነበር፤ አሠራሩም አይነቀፍም። የተሳሳትኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ኬጁን ገዝቼ ካሰርኩ በኋላ ነበር ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቀበቶውና ስለ ራሴ ቁመት ማሰብ የጀመርኩት። ሁለተኛውን ኬጅ ስናሠራ ከወንበሩ ተነሣን፤ ሌላው ልኬት ሁሉ ወንበሩን ተከትሎ ወጣ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር ያሰበ ሰው እኔ ሁለት ጊዜ የከፈልኩትን ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲከፍል ነው።

ሮል ኬጅ መኪናው ሲገለበጥ ወይም ከጎን ሲመታ ሰው የተቀመጠበት ክፍል እንዳይጨፈለቅ ከውስጥ ሆኖ የሚሸከም የብረት ቱቦ አጽም ነው። የሚያድነውም ግትር በመሆኑ ነው። ሆኖም ያው ግትርነት ባልተሸፈነ ራስ አጠገብ ሲሆን አደጋ ነው፤ ሄልሜት ያላደረገ ሰው በተራ ግጭት ከቱቦው ጋር ቢላተም፣ ያለ ኬጁ በቀላሉ ይድን ከነበረበት ግጭት የራስ ቅል ጉዳት ይዞ ሊወጣ ይችላል። በፋብሪካ የተገጠመው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የላይኛው አካል ወደ ፊትና ወደ ጎን እንዲንቀሳቀስ ስለሚፈቅድ ራስ ቱቦው ጋር የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርዱ የመጋረጃ ኤርባጎችም ቱቦው መንገዳቸውን ስለሚዘጋባቸው እንደታሰበው ሊዘረጉ አይችሉም። ስለዚህ መኪናውን በየቀኑ በመንገድ ላይ ለሚነዳ፣ በተለይም ቤተሰቡን ለሚያጓጉዝበት ሰው፣ ሙሉ ኬጅ እንዳያስገባ አጥብቄ እመክራለሁ። የእኔ መኪና ወደ ውድድር ቦታ የምትሄደው ተጭና ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነት መኪና ነው።

ከመግዛትም ከመቁረጥም በፊት የሚወዳደሩበትን ምድብ የደንብ መጽሐፍ ማንበብ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ማለትም የኤፍአይኤ፣ አባሪ ጄ በአንቀጽ 253 ስለ ኬጅ ዝርዝር መለኪያዎችን ያስቀምጣል፤ ብዙ የአገር ውስጥ ደንቦች ከእርሱ የተቀዱ ወይም ወደ እርሱ የሚጠጉ ናቸው። ይሁንና ልዩነት አያጣም። በአንዱ ምድብ ከኋላ ያለው ግማሽ ኬጅ ብቻ ይበቃል፤ በሌላው ደግሞ ሙሉ ኬጅ፣ ድርብ የበር ቱቦና የጣሪያ ማጠናከሪያ ግዴታ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ሻጩ «ለውድድር የተፈቀደ» ያለኝን አምኜ ነበር፤ በኋላ ግን ኬጁ የእኔ ምድብ የሚጠይቀው የበር ቱቦ እንደሌለው ከውድድሩ የመኪና መርማሪ ሰማሁ። አሁን ደንቡን አትሜ፣ የሚመለከቱኝን መስመሮች አስምሬ፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ጎን አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ኬጅ በቡሎን የሚታሰር፣ በስድስት እግር የሚቆም ዝግጁ ኬጅ ነበር። በቡሎን የሚታሰር ኬጅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሥርዓት ከታሰረ ብዙ ሰው አድኗል፤ መኪናውን ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ለሚፈልግም ተመራጭ ነው። ጉዳቱ በትንሽ መኪና ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ዝግጁው ኬጅ ያለ ብዙ ድካም እንዲገባ ተብሎ ከጣሪያውና ከምሰሶዎቹ ራቅ ብሎ ይሠራል፤ በሰፊ መኪና ሦስትና አራት ሴንቲሜትር አይታወቅም፤ በጠባብ መኪና ግን ከአሽከርካሪው ራስ ላይ የሚቀነሰው ያው ሦስትና አራት ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ ሌላ ረጅም ሰው በትንሽ መኪና ውስጥ ወንበሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ ራሱ ከዋናው ቅስት፣ ማለትም ከወንበሩ ጀርባ ከወለሉ ተነሥቶ በጣሪያው ሥር ወደ ሌላው ጎን ከሚሻገረው ቱቦ፣ ፊት መሆኑ ቀርቶ ከቅስቱ ጎን ይውላል። እኔን የገጠመኝ ይህ ነው። የውድድር ወንበሩን አስገብቼ፣ ሄልሜቴን አድርጌ፣ ቀበቶውን አጥብቄ ስቀመጥ በሄልሜቱና በቱቦው መካከል ሁለት ጣት እንኳ አልገባም። ቀበቶ በግጭት ጊዜ እንደሚለጠጥ፣ አንገትም እንደሚረዝም ለሚያውቅ ሰው ይህ ክፍተት እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛውን ሥራ የጀመረልኝ ልምድ ያለው በያጅ መኪናዋን ሲያይ ስለ ቱቦ አንድም ቃል አልተናገረም። «መጀመሪያ ተቀመጥና ልይህ» አለኝ። ወንበሩን ያለ ሐዲዱ፣ በዝቅተኛ ማሰሪያ ወለሉ አጠገብ አቆምነው፤ ሐዲዱን ማስወገድ ብቻ አራት ሴንቲሜትር ያህል አተረፈልን። ከዚያ ሙሉ የውድድር ልብስ፣ ጫማ፣ ጓንትና ሄልሜት አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ ረገጥኩ፤ የእጄ አንጓ መሪው አናት ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወንበሩን አስጠጋን። ይህ ቦታ ሲረጋ በወፍራም ካርቶንና በሽቦ የዋናውን ቅስት ቅርጽ አወጣን፤ ከሄልሜቱ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ ሰባት ሴንቲሜትር እንዲርቅ አደረግን። ሰባት የደንብ ቁጥር አይደለም፤ መኪናዋ የፈቀደችልን ከፍተኛው ነው፤ ስፋት ያላት መኪና ቢሆን ኖሮ ከዚያ በላይ እወስድ ነበር። ከአንድ በላይ አሽከርካሪ የሚፈራረቅባት መኪና ከሆነች ልኬቱ መወሰድ ያለበት በረጅሙ ሰው ነው።

ስለ ብረቱ ደንቡ ግልጽ ነው። በኤፍአይኤ መለኪያ ቱቦው ያለ ስፌት፣ ሳይግል ተስቦ የተሠራ የካርቦን ብረት ሆኖ የመሳብ ጥንካሬው ቢያንስ 350 ኒውተን በካሬ ሚሊሜትር መሆን አለበት። ለዋናው ቅስት 45 ሚሊሜትር ስፋት ከ2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ጋር፣ ወይም 50 ሚሊሜትር ከ2 ሚሊሜትር ጋር ይፈቀዳል፤ ለሌሎቹ አካላት 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይበቃል። ለበርና ለአጥር የሚውለው ቱቦላሬም ሆነ የውሃ ቧንቧ ምንም ያህል ወፍራም ቢመስል እዚህ ቦታ የለውም፤ ስፌቱ ሲታጠፍ ሊከፈት ይችላል፤ የብረቱ ዓይነትም አይታወቅም። ቱቦውን ስንገዛ የፋብሪካውን የጥራት ምስክር ወረቀት ጠይቀን ተቀበልን፤ በኋላም ለመርማሪው ያሳየነው እርሱኑ ነበር።

በሁለቱ ልኬቶች መካከል ለመምረጥ ክብደቱን አሰላሁት። 45 በ2.5 የሆነው ቱቦ በሜትር 2.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 50 በ2 የሆነው 2.4፤ 38 በ2.5 የሆነው 2.2፤ 40 በ2 የሆነው ደግሞ 1.9 ገደማ። የእኔ ኬጅ አራት ሜትር ያህል የዋናው ቅስት ቱቦና አሥራ አራት ሜትር ያህል ሌላ ቱቦ ፈጅቷል። ለቅስቱ ከራሴ አምስት ሚሊሜትር እንዲርቅልኝ ቀጭኑንና ግድግዳው ወፍራም የሆነውን 45 መረጥኩ፤ ለቀረው ክብደት ለመቀነስ 40 በ2 ወሰድኩ፤ ድምሩ ወደ 37 ኪሎ ግራም መጣ። ክሮም ሞሊብደነም ያለበትን ቅይጥ ብረት የሚመክሩኝ ነበሩ። ቅይጡ በእርግጥ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የብየዳው ሙቀት የነካው አካባቢ አያያዝ ይጠይቃል፤ ያንን የለመደ በያጅ ካልተገኘ በደንብ የተበየደ ተራ ካርቦን ብረት ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ቅስቱ ሲታጠፍ የጠበቅነው ነገር ሁለት ነው። የእጥፋቱ ራዲየስ ከቱቦው ስፋት ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም፤ ስለዚህ ለ45 ሚሊሜትር ቱቦ ቢያንስ 135 ሚሊሜትር ይሆናል። እጥፋቱ ላይ ቱቦው ሞላላ ከሆነ ደግሞ ጠባቡ ስፋት ለሰፊው ሲካፈል ከ0.9 ማነስ የለበትም። የመጀመሪያው ቅስታችን በሁለተኛው እጥፋት ላይ ከውስጥ በኩል ተሸበሸበ፤ በያጁ ምንም ሳይከራከር ጣለውና አዲስ ቱቦ ቆረጠ። የተሸበሸበ እጥፋት ጉልበት ሲያርፍበት መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያው ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ቱቦው ብዛት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ቱቦዎቹ ሦስት ማዕዘን መሥራታቸው ነው። አራት ማዕዘን የሆነ ክፈፍ ከጎን ሲገፋ ይንጋደዳል፤ በሰያፍ አንድ ቱቦ ሲገባበት ግን ጉልበቱ ወደ መሳብና ወደ መጫን ስለሚለወጥ ይጸናል። ስለዚህ በዋናው ቅስት ውስጥ ሰያፍ ቱቦ አስገባን፤ የላይኛው ጫፉ በአሽከርካሪው በኩል፣ የኋላው ደጋፊ፣ ማለትም ከቅስቱ አናት ወደ ኋላ የሚወርደው ቱቦ፣ ከሚገናኝበት ቦታ በ100 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ እንዲያርፍ ሆነ። ቱቦዎች በአንድ ነጥብ ሲገናኙ ጉልበቱ ይከፋፈላል፤ በቱቦ ወገብ ላይ የተለጠፈ ቱቦ ግን ያንን ወገብ ይሰብራል።

የኋላ ደጋፊዎቹ በትንሽ መኪና ውስጥ ያስቸግራሉ። ቀጥ ያሉ ሆነው ከቁም መስመሩ ቢያንስ 30 ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበል አለባቸው። የቅስቱ አናት ከማረፊያቸው 90 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ፣ እግራቸው ቢያንስ 52 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ መድረስ ይኖርበታል ማለት ነው፤ ይህ በአጭር የኋላ ክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ ርዝመት አይደለም። እኛ ያሳረፍናቸው በኋላው ጎማ ቤት ላይ፣ የድንጋጤ መቋቋሚያው ከሚታሰርበት ጠንካራ ቦታ አጠገብ ነው፤ ተራው የወለል ላሜራ ብቻውን ቱቦውን መሸከም አይችልም፤ ይበሳል።

የበር ቱቦዎቹን በተሻገረ ሰያፍ፣ በመስቀል መልክ ሠራናቸው። ባለ ሦስት በር መኪና በሯ ረጅም ስለሆነ ያለ መስቀሉ ቱቦው በመካከሉ ይታጠፋል። የላይኛው ክፍላቸው ከበሩ ክፍተት ቁመት እኩሌታ እንዳያልፍ ደንቡ ይከለክላል፤ ምክንያቱም ሰው በእነርሱ ላይ ተሻግሮ መውጣት አለበት። የፊተኛውን እግር ከፊት ምሰሶው ጋር በተቻለ መጠን አጣብቀን ብናስኬደውም ወደ ግራ ስታጠፍ አሁንም የሚሸፍነው ነገር አለ፤ ይህንን ዕይታ ከብየዳ በፊት በካርቶን ቱቦ ቢሞክሩት መልካም ነው።

አካሉን ማዘጋጀት ከብየዳው በላይ ጊዜ ወስዶብናል። ወንበር፣ ሞኬት፣ ጣሪያ ልብስና ዳሽቦርድ ሙሉ በሙሉ ወጡ፤ የድምፅ መከላከያው ጥቁር ንጣፍ ተፋቀ፤ እግሮቹ በሚያርፉበት አካባቢ ሁሉ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተነሣ። በግራ በኩል ከበሩ ሥር ዝገት አገኘንና ቆርጠን በአዲስ ላሜራ ተካነው፤ በዝገት ላይ የቆመ ኬጅ መሬት እንደሌለው ምሰሶ ነው። ለዋናው ቅስት እግሮች ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የማጠናከሪያ ላሜራ ያስፈልጋል፤ እኛ ወለሉንና የበሩን ሥር ግድግዳ አንድ ላይ እንዲይዝ ወደ ላይ አጥፈን በየድነው። በቡሎን ለሚያስር ሰው ለእያንዳንዱ የቅስት እግር ቢያንስ ሦስት ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን፣ ጥራታቸው 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ይጠየቃል፤ ከወለሉ ሥርም የማጠናከሪያ ላሜራ ይገባል። ተራ ሮንዴላ ብቻ አድርጎ ዳዶውን ማጥበቅ ወለሉን በጉልበት ጊዜ እንደ ወረቀት ያስቀድዳል።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስበው የሚደርስበት ችግር አለ። ቅስቱ ከጣሪያው ጋር ተጠግቶ ከቆመ፣ የላይኛውን መጋጠሚያ ዙሪያውን ሁሉ መበየድ አይቻልም፤ የብየዳው አፍ በቱቦውና በጣሪያው መካከል አይገባም። ሆኖም መጋጠሚያው ሙሉ ዙሪያውን መበየድ አለበት፤ ግማሹ የተበየደ መጋጠሚያ አልተበየደም ማለት ነው። መፍትሔው እግሮቹን በብረት ሣጥን ላይ ማቆም ነው። መጀመሪያ ሣጥኖቹን በቦታቸው አቁመን ኬጁን በነጠብጣብ ብየዳ አያያዝነው፤ ከዚያ ሣጥኖቹን አውጥተን ኬጁን ወደ ወለሉ አወረድነው፤ ከላይ በተገኘው ክፍተት መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ዙሪያቸውን በየድን፤ በመጨረሻም ኬጁን አንሥተን ሣጥኖቹን መለስናቸውና በየድናቸው። በዚህ ዘዴ ጣሪያውን ሳንነካ ቱቦው ከላሜራው አንድ ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ ቆመ፤ ለራሴም የሚያስፈልገኝ ክፍተት የተገኘው ከዚህ ነው።

ሁሉም ቱቦ በነጠብጣብ ከመያዙ በፊት ሙሉ ብየዳ አይጀመርም፤ ከጀመሩ በኋላም ከግራ ወደ ቀኝ እየተቀያየሩ መሄድ ይገባል። እኛ አንድ ቀን ለመፍጠን ብለን የግራውን በር ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ጨረስናቸው፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ የቅስቱን እግር ሳበውና በሩ መዝጊያው ላይ መንካት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለቱንም በሮች እየከፈትንና እየዘጋን ነበር የምንሠራው።

በብየዳው ጊዜ ስላለው አደጋ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ባትሪውና የሞተሩ ኮምፒውተር ይነቀላሉ፤ የነዳጅ ታንኩ ይወርዳል። ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል፤ ስለዚህ ልባጩ አስቀድሞ መፋቅ፣ ቦታውም አየር ማግኘት አለበት። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ የተወለወለ ብረት ከመበየድ ፈጽሞ ተጠንቀቁ፤ ፈሳሹ ከብየዳው ብርሃንና ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የተባለውን ገዳይ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። እሳትን በተመለከተ፣ መሣሪያውን አጥፍተን ከተቀመጥን ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ከበሩ ሥር፣ ተፍቆ ያለቀ ከመሰለን ንጣፍ ውስጥ ጭስ ሲወጣ አየን። ሰው በአጠገቡ ባይኖር መኪናዋ ትቃጠል ነበር። አሁን ሥራ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ማጥፊያ ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቃል።

የትከሻ ቀበቶው የሚታሰርበት አግድም ቱቦ ከኬጁ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት። ቀበቶው ከወንበሩ ጀርባ የላይኛ ጠርዝ ወደ ኋላ ሲሄድ ከአግድም መስመር ከ45 ዲግሪ በላይ መውረድ አይፈቀድም፤ የሚመከረው ግን ከ10 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው። በጣም ወደ ታች የሚወርድ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች እየሳበ አከርካሪን ይጨምቃል። ወንበሬን ዝቅ ስላደረግሁት ቱቦውም አብሮ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ በመጀመሪያው ኬጅ ላይ ይህ ቱቦ ከወንበሩ ቀዳዳ በላይ ስለነበር ቀበቶው ከትከሻዬ ይነሣ ነበር። ሁለቱ ማሰሪያዎችም ከወንበሩ መሐል መስመር ከ20 ዲግሪ በላይ መስፋትም መጥበብም የለባቸውም።

ሄልሜት ሊደርስበት በሚችል ቱቦ ላይ ሁሉ የኤፍአይኤ 8857-2001 ደረጃ ዓይነት ኤ የሆነውን ጠንካራ መሸፈኛ አደረግን። ለውሃ ቧንቧ የሚሆነው ለስላሳ ስፖንጅ በጣት ሲጫን ደስ ይላል፤ በሄልሜት ሲመታ ግን ወዲያው ተጨፍልቆ ያልቃል፤ እሳትም ይይዛል። ቱቦውን በክሮም ማስለበጥ በደንቡ የተከለከለ ነው፤ የእኛው ፀረ ዝገትና ፈካ ያለ ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ስንጥቅ ቢጀምር በፈካ ቀለም ላይ ቶሎ ይታያል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ታስሬ፣ ሰዓት ተይዞብኝ ከመኪናው መውጣትን ተለማመድኩ። መጀመሪያ 19 ሰከንድ ፈጀብኝ፤ የያዘኝ ሄልሜቱን ከበሩ ቱቦ በላይ ሳወጣ የቀኝ ጉልበቴ ከመሪው ጋር መጋጨቱ ነበር። መሪው እንዲነቀል አድርጌ ደጋግሜ ከሞከርኩ በኋላ ወደ 8 ሰከንድ ወረደ። በተሳፋሪው በር በኩል መውጣትንም ተለማምጃለሁ፤ መኪና በጎኗ ስትተኛ የሚከፈተው በር የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም።

ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ በትንሽ መስታወትና በመብራት የእያንዳንዱን እግር ብየዳ እመለከታለሁ። ከሁለተኛው ውድድር በኋላ በቀኙ የኋላ ደጋፊ እግር ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ፤ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቀን ስናይ የተሰነጠቀው ማሸጊያው ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ብየዳው ደህና ነበር። እንደገና ቀባነው፤ ቦታውን ግን በምልክት ይዤዋለሁ፤ መስታወቱንም ሳነሣ የምጀምረው ከዚያ እግር ነው።